በጎመኑ መሃል የተቀበረው ጠላ

ማታ ደህና እደሩ ብዬ የተለየኋቸው ጎመኖች ጠዋት ተበልተው ሳገኛቸው ከአፌ የሚወጣውን የሰማ ሰው ባለቤቴን የምሰድብ ይመስለዋል። አንድ ቀን በአጥራችን ሥር የሚያልፍ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ «እትዬ፣ ሰላም ነው? ምን አድርጎሽ ነው?» አለኝ።

«ሌሊቱን ሲቆርጥ አደረ! አንድም አላስቀረልኝ!» አልኩት።

ሰውየው ሌላ ሳይጠይቅ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ስለ ቆራጭ ትል ነበር የማወራው።

ሰው ላይ እንዲህ አልቆጣም። ቢሮ ውስጥ ትዕግሥተኛ ናት ይሉኛል፤ ባለጉዳይ ሲጮህብኝ እንኳ ወንበር አቀርብለታለሁ። ጓሮ ስገባ ግን ሌላ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ በመስኮት አጮልቆ ጎመኑን ያያል፤ ከተበላ ቁርሱን ራሱ ሠርቶ ዝም ብሎ ይበላል።

ቤታችን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። ከጓሮአችን ሥር የሰው ቡና ይጀምርና እስከ ወንዙ ይወርዳል። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፣ ሌላ አገር አላውቅም። መሬቱ የጣሉበትን ሁሉ ያበቅላል ይባላል፣ እውነት ነው። የበቀለውን የሚበላውንም አብሮ እንደሚያበቅል ግን ማንም አይናገርም። ዝናቡ አይተወንም፣ አፈሩ አይደርቅም፣ ጥላው ብዙ ነው። ትል ብሆን እኔም የምመርጠው ይህንን አገር ነው።

እያደር የጥፋቱን መልክ አይቼ ጥፋተኛውን መለየት ለመድኩ። ችግኙ ከመሬት ልክ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ተጋድሞ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። እርሱ ሩቅ አይሄድም፤ አፈሩን በጣት ገለጥ ሲያደርጉት እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። የሠራውን ሠርቶ አጠገቡ መተኛቱ ከሁሉም በላይ ያበግነኛል። ቅጠሉ ተኮማትሮ ጀርባው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ የልብስ ሳሙና በውኃ በጥብጦ ቅጠሉን እየገለበጡ ማጠብ ነው። ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ ጥቁር አረንጓዴ ኩስ ካለበት አባጨጓሬ ነው፣ እርሱ የሚፈልገው ለቀማ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ መስመር ከታየ ደግሞ ያ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነው፤ እኛ ቤት ልጋጋሙ እንለዋለን። ምንም ምልክት ሳይኖር ጎመኑ ከነግንዱ ከሌለ የጎረቤት ፍየል ናት፣ እርሷን በሳሙና ማጠብ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ብቻዬን አልተማርኩትም። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። የቤንች ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት ልጇ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ነው። ፕሮቴስታንት ናት፤ እኛ ሰፈር ጴንጤ ነው የሚባለው፣ እርሷም ብትሰማ አይከፋትም። እኔ ጓሮ ውስጥ ስራገም እርሷ ጓሮ ውስጥ ትጸልያለች። አጥራችን የተተከለ ቁጥቋጦ ስለሆነ ድምፅ አያግድም። ወዲህ «የት አባክ ገባህ አንተ ሆዳም!» ሲባል፣ ወዲያ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ክሽክሽ አንሣልኝ» ይባላል። የማናችን እንደሚሰማ ለማወቅ ብዙ ጊዜ በአጥሩ ክፍተት ጎመኗን ሰርቄ አይቻለሁ። እርሷም የእኔን ታያለች፣ አይቻታለሁ።

ስንሳሳትም አብረን ነው የምንሳሳተው። መጀመሪያ ሰሞን ያችን ቀይ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጢንዚዛ ጎመን በላተኛ ናት ብለን ወዲህም ወዲያም እየለቀምን ጨረስናት። ክሽክሹ በዛ። እንደገና ለቀምን፣ ክሽክሹ ይብስ በዛ። አንድ ቀን ከዝናብ ተጠልለን የእርሷ ሙዝ ሥር ቆመን ሳለ አንዲት ጢንዚዛ ቅጠሉ ላይ ወጥታ ክሽክሹን እንደ ቆሎ ስትቅም ዓይናችን እያየ ጉድ ሆንን። ጎረቤቴ «ወታደራችንን እኛው ገደልናት» አለችና እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጢንዚዛ መንገድ ላይ ባገኝ እንኳ በቅጠል አንሥቼ ወደ ጎመኔ ይዣት እመጣለሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ እያለን ነው የልጇ ነገር የመጣው። ልጇ ቴፒ ካምፓስ ተምራ አሁን ሸዋ ቤንች ከተማ እየተመላለሰች ታስተምራለች። ካምፓስ ሳለች የተዋወቀችው የቴፒ ልጅ ሽማግሌ ላከ። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሎች መጡ፣ በወጉ «እንመክርበት» ተባሉ፣ ተመለሱ። ሁለተኛው ቀጠሮ ቁርጡ የሚታወቅበት ሆነ። በዚያ ቀን ደግሞ ልጁን ያሳደጉት አጎቱ ራሳቸው እንደሚመጡ ተነገረን።

ልጅቷ ይህን ስትነግረን ፊቷ ልክ አልነበረም። አጎትየው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን መጠጥ በሚባል ነገር ቀልድ አያውቁም። ከዚህ በፊት ለታላቅ ወንድሙ ሊጠይቁ አንድ ቤት ሄደው፣ በሩ ላይ የተደረደረ የቢራ ሣጥን አይተው ሳይቀመጡ ተመልሰዋል። በዚያው ቀረ። እርሳቸው እሺ ካላሉ ልጁ እንደማያገባ ልጅቷ ታውቃለች፤ ወደደችም አልወደደችም ነገሩ ያለው በእርሳቸው አፍ ላይ ነው።

«እዚህ ቤት ምን መጠጥ አለና ትፈሪያለሽ?» አለቻት እናትየው።

«መጠጥስ የለም። ግን እማ፣ ጎመንሽን አውርቼላቸዋለሁ። እርሳቸውም ጎመን ይተክላሉ። የእናቴን ጎመን ሲያዩ ይገረማሉ ብያለሁ።»

ጎረቤቴ ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች። እኔም አየሁ። በዚያ ሰሞን ልጋጋሙ ወርዶብን ነበር።

ልጋጋም እንደ ሌላው ተባይ አይደለም። ቀን አይታይም። ከአጥራችን ሥር፣ ከረጠበው ቅጠል መሃል ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሻሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ልጋጉን ትቶ ይገባል። አመድ ብንነሰንስበት ዝናቡ በዚያው ሌሊት ጭቃ ያደርገዋል። ሲመሻሽ ወጥተን በእጃችን ብንለቅም ያኛው ያልቅና ይህኛው ይመጣል፤ ጣታችን ላይ የሚተወው ዝልግልግ ደግሞ በሳሙናም አይለቅ። ከእኔ በኩል ብለቅም ከእርሷ አጥር ይሻገራል፣ ከእርሷ በኩል ብትለቅም ከእኔ። ጥቅል ጎመኖቿ የውጭ ቅጠላቸው ወንፊት ሆነ። ጎረቤቴ ጸሎቷን ጨመረች፤ እኔም እርግማኔን።

መላው የተገኘው በማኅበር ነው። ያን ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበርና ጠላ ጠምቄ አሳለፍኩ። አተላውን ለላሟ የምትወስድ አንዲት ሴት ስላለች በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳፋ አድርጌ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩላት። ሴትየዋ ሳትመጣ ቀረች። በማግስቱ ጠዋት ሳፋውን ላነሣ ስጎነበስ እጄን መለስኩ። አተላው ላይ ልጋጋሙ ተነጥፎበታል። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ግራጫው፣ ጥቁሩ፣ ሁሉም ሰምጦ ሞቷል። ከእኔ ማኅበርተኞች ይልቅ እነርሱ ጠላውን ወደውታል።

«እትዬ! ኧረ ነይ ጉድ እዪ!»

በአጥሩ ክፍተት አንገቷን አስገባች። «በጌታ! ምንድን ነው የገደላቸው?»

«አተላ ነው።»

አንገቷን መለሰች። «የጠላ?»

«የጠላ።»

ከዚያ አንገቷ እንደገና ብቅ አለ። «ሁሉም ሞተዋል?»

«አንድም የሚላወስ የለም።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የተደረገውን ዓይነት ክርክር እኔ በምሠራበት ቢሮ አንድም ባለጉዳይ ተከራክሮኝ አያውቅም። በእኔ በኩል ብቻ ብቀብር ከእርሷ እየተሻገሩ እንደሚመጡ፣ መቀበር ያለበት በሁለቱም በኩል እንደሆነ ነገርኳት። እርሷ ቤቷ መጠጥ እንደማይገባ ነገረችኝ። ቤት አይገባም፣ ጓሮ ነው አልኳት። ጓሮውም ቤቴ ነው አለች። የሚጠጣው ትል ነው እንጂ ሰው አይደለም አልኳት። እዚህ ላይ ቆመች። ለትል መስጠት ኃጢአት ይሁን አይሁን ማንም አስተምሯት አያውቅም።

«ልጸልይበት» አለችና ገባች።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ቡናው ትን አለው። «ጸልያ እንቢ ብትባልስ?» አለኝ። እኔም ያሳሰበኝ እርሱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መልሱን ይዛ መጣች። «ልቤ አልከለከለኝም» አለች። «ግን እኔ አልነካውም። አንቺ ትቀጂያለሽ፣ አንቺ ታነሺያለሽ። እነርሱ በሚመጡበት ቀን ደግሞ አንድም ጣሳ እንዳይኖር። ልጄን እንዳታስቀሪብኝ።»

የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። «በማርያም» አልኳት፤ እርሷ በማርያም አትምልም፣ እኔ ግን ስምል እንደምጠነቀቅ ታውቃለች።

የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ሰበሰብኩ። አፋቸው ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን በጎመኖቹ መሃል ቀበርኳቸው፤ አተላውን ሞልቼባቸው፣ ዝናብ እንዳያቀጥነው በላያቸው የሙዝ ቅጠል በእንጨት ቀስት አድርጌ አለበስኩ። አተላው ሲያልቅ ቅራሪ ቀዳሁበት፤ ልጋጋም ቅራሪ ነው ብሎ አይንቅም። ማታ ማታ ከቢሮ መልስ ጆግ ይዤ በአጥሩ ክፍተት ስገባ ጎረቤቴ ፊቷን ወደ ቡናው አዙራ መዝሙር ትጀምራለች። እኔ እቀዳለሁ፣ እርሷ ትዘምራለች። ድምፅዋ ደግሞ ያምራል። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከሥራ የምመለሰው እየቸኮልኩ ነበር።

ጎመኑ ዳነ። የተበሳው የውጭ ቅጠል እየተገለለ አዲሱ ጠቅልሎ ወጣ፣ ሙሉ፣ ጥብቅ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው። ጣሳዎቹን ጠዋት ስደፋ የጎረቤቴ ቀይ አውራ ዶሮ እየሮጠ መጥቶ ልጋጋሙን ይለቅማል። «ለእርሱም ተርፎታል» እያለች ትስቃለች። ዶሮው ክንፉ አበራ፣ ሰዓቱን ሳይጠብቅም መጮህ ጀመረ። እኛ ደልቶት ነው አልን።

ሽማግሎቹ የሚመጡበት ቀን ጠዋት ገና ጭጋጉ ሳይነሣ ጣሳዎቹን አንድም ሳላስቀር ነቀልኩ። ጉድጓዶቹን አፈር መለስኩባቸው። ጣሳዎቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ በእኔ በኩል ሙዙ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት፣ አፈር አለበስኩት፣ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁት። እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ልረዳት ገባሁ። ጎረቤት አይደለሁ? እንግዳ ሲመጣ ሳህን የምታቀርበው ጎረቤት ናት።

ሳሎኑ ተሰናድቷል። የሟች ባሏ ወንድም ከሸዋ ቤንች መጥቶ በቤተሰቡ ስም ሊናገር በሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ልጅቷ ጓዳ ናት፤ የያዘችውን ሁሉ እየጣለች አስቸገረችን። ሽማግሎቹ ከቴፒ በሚኒባስ መጥተው ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ከጭቃ አራግፈው ገቡ። አጎትየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሲገቡ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩት፤ እኔም ሳላስበው አብሬያቸው አየሁ። ምንም የለም። የቡና ቅጠል ከነቅመሙ ተፈልቶ ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ምሳ ቀረበ። ሥጋ አለ፣ የጎደሬ ቅቅል አለ፣ መሃል ላይ ያ ጥቅል ጎመን በካሮት ተሠርቶ አለ።

አጎትየው ጎመኑን ቀመሱ። «ይህ የጓሮሽ ነው?» አሉ።

«የጓሮዬ ነው፣ አባቴ።»

«ስገባ ቆሞ ያለውንም አየሁት። ቅጠሉ አንድም አልተበሳም። የእኔን ቀንድ አውጣ ጨርሶብኛል። ምን አድርጋችሁበት ነው?»

ጎረቤቴ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «አመድ ነው!» አልኩ። «አመድ አብዝተን ነው።» አመድ ነስንሰናል፣ ውሸት አይደለም። እርሷ ግን አየት አደረገችኝና ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች። አጎትየው «አመድስ እኔም አድርጌ ነበር፣ ዝናቡ ወሰደብኝ» አሉና ጎመኑን ደግመው ጎረሱ። ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደልኝ።

ያን ጊዜ ነው አውራ ዶሮው በሩ ላይ የቆመው።

መጀመሪያ ማንም አላስተዋለውም። ደፍ ሊሻገር እግሩን አነሣ፣ ደፉ ካለበት ቦታ አልፎ አሳረፈው፣ በደረቱ ወደቀ። ተነሣ። ግራ ክንፉን ዘርግቶ ወለሉን እየጠረገ በግማሽ ክብ ዞሮ ወደ ሳሎኑ መሃል መጣ። ቆመና አንገቱን ሰቅሎ ሊጮህ ሞከረ፤ የወጣው ግን ዘይት ያልተቀባ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ የአጎትየው ጫማ ላይ ተደገፈ። ሙዙ ሥር የቀበርኩትን ጭሮ ማውጣቱ ወዲያው ገባኝ። ዶሮ የማይጭረው አፈር እንደሌለ እያወቅሁ በእግሬ ረግጬ ነበር የተውኩት።

የባሏ ወንድም ደነገጠ። «ፈንግል ይዞታል! አውጡት!» አለ።

«አዎ፣ ፈንግል ነው!» አልኩና ዘልዬ አነሣሁት። ዶሮው ደረቴ ላይ አንገቱን ጣለና አገሣ። የማኅበሬ ጠላ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

አጎትየው አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። «ፈንግል እንዲህ አይሸትም» አሉ፣ በዚያው በቀስታ ድምፃቸው።

ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማለች፤ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ይሰማል። እኔ ለጎረቤቴ በዓይኔ ነገርኳት። የእኔ ነው በይ። ጠላው የእኔ፣ ማኅበሩ የእኔ፣ ዶሮው አጥር ዘሎ የሰው ጓሮ ገብቶ ጠጣ በይ። እኔ ምን እሆናለሁ? ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጠላ ብጠምቅ የሚገርመው የለም። ልናገር ስል እጇን ወደ እኔ አነሣችና ዝም አሰኘችኝ።

«አባቴ፣ ሰክሮ ነው» አለች። «ጎመኑን ቀንድ አውጣ ጨርሶብኝ ነበር። ጠላ በጣሳ ቀብረን ነው የያዝነው። ያዳነው እርሱ ነው፣ አመድ አይደለም። ጠላውን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት፤ ጓሮዬ ይግባ ብዬ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አነሣነው፣ እናንተ እንዳታዩት ብለን። ይኸው አያችሁት።»

ዶሮውን እንደታቀፍኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጅቷ አለቀሰ ልቤ፤ የልጅነቷን ጫማ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

«ሰው ቀምሶታል?» አሉ አጎትየው።

«በዚህ ቤት ሰው አልቀመሰውም። ትሉ ጠጣ፣ ከዚያ ዶሮው።»

ዶሮውን አዩት። እርሷን አዩዋት። ልጅቷንም አዩ። ከዚያ ሳህናቸውን ወደ ጎን አድርገው ተነሡ፤ በቃ፣ ሊሄዱ ነው አልኩ።

«እስቲ ጓሮውን አሳዩኝ» አሉ።

ሁላችንም ተከትለናቸው ወጣን፣ ሽማግሎቹም፣ የባሏ ወንድምም፣ ዶሮውን የታቀፍኩት እኔም። አጎትየው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ውስጥ ገቡ። አንዱን ጎመን ቅጠሉን ገልብጠው አዩ፣ ቀጥሎ ያለውንም። አፈር የመለስኩባቸውን ጉድጓዶች በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓቸው። ከአጥሩ ሥር የረጠበ ቅጠል አንሥተው አንድ ወፍራም ልጋጋም በጣታቸው ይዘው ቀና አሉ።

«ይቺ ናት» አሉ። «የእኔን የጨረሰችው ይቺ ናት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጠላው ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ቅ… ቅራሪ ነው፣ አባቴ። ወፍራሙንም ይወዳሉ፣ ግን ቅራሪው ይበቃል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሐኪም ስለ መድኃኒት አወሳሰድ እንደነገራቸው ሆነው። ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሱ። «የእኔም ጎረቤት ማኅበርተኛ ናቸው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከኋላ ከቆሙት ሽማግሎች አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ። አጎትየው ቀና ብለው ሊቆጡ ነው ስል ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እርሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ማን ይያዘን። የባሏ ወንድም እንኳ አጥሩን ይዞ ይስቅ ነበር። ዶሮው ከብብቴ ውስጥ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየንና መልሶ ጨፈነው።

ተመልሰው ሲቀመጡ አጎትየው ፊታቸውን አስተካከሉ። «ለሽምግልና ስንት ቤት ገብቻለሁ» አሉ። «ሰው ሰክሮ አልሰከረም ሲባል ነው ስሰማ የኖርኩት። ዶሮ ሰክሮ ሰከረ ያለ ቤት ዛሬ ገና አየሁ። ልጃችሁን ከሰጣችሁን እኛ ደስ ብሎን እንቀበላለን።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣም።

ሽማግሎቹን ሸኝተን ስንመለስ ልጅቷ ስልኳን ይዛ ደጅ ወጣች፣ እኛ ሁለታችን ሳህን አጠባ ላይ ተቀመጥን። እኔ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። «ጠላው የእርሷ ነው በይ እያልኩ በዓይኔ ስነግርሽ ለምን አላልሽም?» አልኳት። «ቢቀርስ ኖሮ? ልጅሽ ብትቀርስ ኖሮ?»

የያዘችውን ሳህን አለቅልቃ አስቀመጠች።

«ልጄ በጥር ተድራ ትሄዳለች» አለች። «ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚጠራኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ሸጬ ልጄን አልድርም።»

እንባዬ መጣብኝና በሳሙና እጄ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ይብሱን አቃጠለኝ። ኡኡ ስል እርሷ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኔን ልትጠርግልኝ ራሴን ያዘች፣ ሁለታችንም እያለቀስን መሳቅ ጀመርን።